ሳንቲሟ ወደ ላይ ስትሄድ ማን ነው የሚገፋት?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ካለ ይዛችሁ ተቀመጡ። ፊዚክስ ሲባል ገና ከርዕሱ የምትሸሹ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን ቆዩ፣ ስሌት የለበትም፣ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሳንቲም ወደ ላይ ወረወራችሁ እንበል። ከእጃችሁ ወጥታለች፤ ገና ወደ ላይ እየሄደች ነው፤ የመጨረሻው ከፍታ ላይ አልደረሰችም። የአየሩን ነገር ተዉት። በዚያች ቅጽበት ሳንቲሟ ላይ የሚያርፈው ጉልበት፣ ፊዚክሱ ፎርስ የሚለው ማለቴ ነው፣ ምን ምን ነው? መልሳችሁን በልባችሁ ያዙና ቀጥሉ።

እኔ በዲፕሎማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዲግሪዬን በክረምት ለመማር ስመዘገብ የመጀመሪያው ኮርስ መካኒክስ ነበር። ያው የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ሁሉ የሚወስደው፣ ከእንቅስቃሴ ተነስቶ በኒውተን ሕጎች በኩል ወደ ሥራና ኢነርጂ፣ ከዚያ ወደ ሞሜንተምና ወደ ሽክርክሪት የሚሄደው ኮርስ። «ይሄንንማ እኔው አስተምረው የለ!» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሳንቲሟን ጥያቄ በወረቀት ሰጡን። እኔም ሳላመነታ ጻፍኩ፦ ሁለት ጉልበት አለ፤ የእጄ ጉልበት ወደ ላይ፣ የመሬት ስበት ወደ ታች። የእጄ ስለሚበልጥ ትወጣለች፤ እየወጣች ስትሄድ የእጄ ጉልበት እያለቀ ይመጣል፤ ጫፍ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ስበት ያሸንፍና ትወድቃለች። ሥዕል ሁሉ ስዬ ቀስት አድርጌበታለሁ።

ዜሮ ተሰጠኝ።

መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ስበት። ሳንቲሟ ከእጄ ከወጣች በኋላ እጄ ምንም አያደርጋትም፤ ጉልበቱ እጄ ሲለቃት እዚያው አበቃ። የምትወጣው የሚገፋት ስላለ አይደለም፤ መጀመሪያ ፍጥነት ስለያዘች ነው። ስበቱ ደግሞ ስትወጣም፣ ጫፍ ላይ ስትደርስም፣ ስትወርድም ያው ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም።

መምህሩ ሳቅ ብለው «አስተማሪዎች ሆናችሁ?» አሉን። የክፍሉ አብዛኛው ሰው እንደኔው ነበር የጻፈው። እኔን ግን ዜሮው አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። የኒውተንን አንደኛ ሕግ ስንት ዓመት በዲክቴሽን አጽፌያለሁ፣ ስንት ፈተና አውጥቼበታለሁ፤ ልጆቹ ፊት ቆሜ ደግሞ ልክ ይህንን «ጉልበቱ እያለቀ ሲሄድ» የሚለውን ነገር በአፌ ተናግሬያለሁ። በዓመት ስንት ክፍል፣ በክፍል ስንት ልጅ ብዬ ላሰላ ጀመርኩና ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ነው የዚህን ነገር ታሪክ ማሳደድ የያዝኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የፈለግኩት መጽናኛ ነበር። ያገኘሁት ግን ከመጽናኛ በላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሪስቶትል ነው፤ በግዕዝ መጻሕፍታችን አርስጣጣሊስ ከሚባለው ግሪካዊ፣ ከ384 እስከ 322 ዓመተ ዓለም ከኖረው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አንቀሳቃሽ አለው አለ። ይህ ሞኝነት አይደለም። ፈረሱ ሲቆም ጋሪው ይቆማል፤ በሬው ሲቆም ሞፈሩ ይቆማል። በዓይናችን የምናየው ይህንኑ ነው። ያስቸገረው የተወረወረ ነገር ነው። ጦሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ማን ነው የሚገፋው? አሪስቶትል «አየሩ ነው» አለ፤ ወርዋሪው በዙሪያው ላለው አየር የመግፋት አቅም ይሰጠዋል፣ አየሩም እየተቀባበለ ጦሩን ያደርሰዋል።

ከእሱ በኋላ ሂፓርከስ የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ መጣ፤ ሁለተኛው መቶ ዓመት ዓመተ ዓለም ላይ። መጽሐፉ ጠፍቷል። ሐሳቡን የምናውቀው ከእሱ በኋላ የመጡት ስለጠቀሱት ነው። ምን አለ መሰላችሁ? ወደ ላይ የተወረወረ ነገር የወርዋሪው ጉልበት ከክብደቱ ስለሚበልጥ ይወጣል፤ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እኩል ሲሆኑ መውጣቱን ያቆማል፤ ከዚያ ክብደቱ ያሸንፋል። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት። ቃል በቃል የኔ መልስ እኮ ነው! ቀስቶቹ ብቻ ነው የቀሩት።

ስድስተኛው መቶ ዓመት ላይ፣ በአክሱም ንጉሥ ካሌብ በነበረበት ክፍለ ዘመን፣ እስክንድርያ ውስጥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ሰው ነበር። ቅጽል ስሙ «ሥራ ወዳድ» ማለት ነው፤ የሚገባውም ሰው ነው። አሪስቶትልን ፊት ለፊት ተጋፈጠው። አየር ነው የሚገፋው ካልክ፣ ድንጋዩን አስቀምጠህ ከኋላው አየሩን በፈለግከው መሣሪያ ብትመታው ለምን አይበርም? አይበርም። ስለዚህ የሚገፋው ነገር ከወርዋሪው ወደ ራሱ ወደ ድንጋዩ ነው የሚገባው አለ። ሌላም ነገር ጽፏል፦ በክብደት እጅግ የሚበላለጡ ሁለት ነገሮችን ከአንድ ከፍታ ብትለቅ የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ጋሊሊዮ ከመወለዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ማለት ነው። ይህን ሰው አንድም የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ አላየሁትም። ለምን? እንጃ።

ሐሳቡ ወደ ዓረብኛው ዓለም ተሻገረ። ኢብን ሲና፣ ሐኪሙ፣ ከ980 እስከ 1037 የኖረው፣ ወርዋሪው በተወረወረው ነገር ላይ ዝንባሌ ያሳድርበታል፤ የሚከለክለው ነገር ከሌለም ዝንባሌው አይጠፋም አለ። እንግዲህ ባዶ ቦታ ቢኖር ኖሮ የተወረወረ ነገር እዚያ ውስጥ አይቆምም ነበር ማለት ነው። አያችሁ፣ ኢነርሺያ ሊባል ምንም አልቀረውም! እሱ ግን ይህንን የተጠቀመበት ባዶ ቦታ ሊኖር እንደማይችል ለማስረዳት ነው። «የማይቆም ነገር ይኖራል እንዴ?» ነው ነገሩ። በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ከዚያ 14ኛው መቶ ዓመት፣ ፓሪስ። ዣን ቡሪዳን ሁለት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። የሱን ማስረጃዎች እወዳቸዋለሁ፤ ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከመንደር ያመጣቸው ናቸው። የሞረድ ድንጋይ አዙረህ ስትለቀው ለብቻው ይዞራል፤ ያለበት ቦታ ላይ ስለሚዞር ከኋላው ገብቶ የሚገፋው አየር የለም። በወንዝ ላይ የሚጎተት ጀልባ ጎታቾቹ ከተዉት በኋላም ትንሽ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ የቆመው ሰው ግን ከኋላ የሚገፋው ነፋስ አይሰማውም፤ የሚሰማው ከፊት የሚመጣው ነው። ስለዚህ ጀልባው ራሱ የያዘው ነገር አለ። ስሙንም ኢምፔተስ አለው። የቁሱ መጠን ሲበዛ ይበዛል፤ ፍጥነቱ ሲበዛም ይበዛል። ሞሜንተምን የተማራችሁ ልብ በሉ። ካልተከለከለ አያልቅም ብሎ ጨመረበት። ግን እሱም ቢሆን አንድ ነገር አልለቀቀም፦ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚንቀሳቀስ ብቻ የሚገፋው አለ፤ ገፊው ከውጭ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ጋሊሊዮ ልውሰዳችሁ፤ የኔ ሰው እሱ ነው።

በ1581 ፒዛ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሊማር ገባና በ1585 ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። እዚህ ጋ ዲፕሎማ ያለን ሰዎች ትንሽ ቀና እንበል። በ1589 እዚያው ፒዛ ሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ደሞዙ በዓመት 60 ስኩዲ ነበረ፣ በጊዜው ለአስተማሪ እንኳን ዝቅተኛ የሚባል። በኋላ በ1592 ወደ ፓዱዋ ሄዶም አልሞላለት ብሎ ቱቶሪያል ያስጠና ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ተማሪ ያከራይ ነበር፣ የሒሳብ መሣሪያ እያሠራ ይሸጥ ነበር። ወዳጆቼ፣ ከኛ ሁኔታ ጋር አታመሳስሉት፤ ካመሳሰላችሁትም እኔ አላልኩም።

በ1590 ገደማ፣ በ26 ዓመቱ፣ ስለ እንቅስቃሴ አንድ ጽሑፍ ጻፈ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ምን ይሆናል? ወርዋሪው ያሳደረበት ጉልበት ከክብደቱ ስለሚበልጥ ይወጣል፣ እያለቀ ይሄዳል፣ እኩል ሲሆኑ ይቆማል፣ ከዚያ ይወርዳል። አዎ፣ ያው የኔው ዜሮ። ይባስ ብሎ ራሱ ያፈለቀው መስሎት ነበር፤ ቆይቶ መጽሐፍ ሲያነብ ሂፓርከስ ቀድሞ እንዳለው አገኘና ያንንም እዚያው ጻፈው። ስለዚህ ከሂፓርከስ እስከ ጋሊሊዮ፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ልዩነት ባላቸው ሁለት ታላላቅ ጭንቅላቶች ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ አንድ ስህተት በቅሏል። እኔም ሦስተኛ ሆኜ ሳልሰማ አበቀልኩት። የኔ ተማሪዎችም ያበቅሉታል።

ጋሊሊዮ ያንን ጽሑፍ አላሳተመውም። አልጣመውም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጀ። በ1604 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንኳን የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ የሚጨምረው በወረደው ርቀት ልክ ነው ብሎ ተሳስቷል፤ በኋላ ነው በጊዜው ልክ መሆኑን ያረመው። ስለ ዘንባላው የፒዛ ግንብ የሚወራው ታሪክ ከሞተ በኋላ ደቀ መዝሙሩ የጻፈው ነው፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል። እውነተኛው ሥራ ብዙም አያምርም፦ 12 ክንድ ርዝመት ያለው እንጨት፣ መሐሉ ላይ የተቦረቦረ ቦይ፣ ቦዩ ለስላሳ እንዲሆን ብራና የተለበጠበት፣ የነሐስ ኳስ። እንጨቱን ትንሽ አዘንብሎ ኳሷን ይለቃታል። ሰዓት የለም፤ ከባልዲ በቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውሃ እየቀዳ ውሃውን በሚዛን ይመዝናል። ውሃው ነው ሰዓቱ። ላቦራቶሪ የለንም እያልን የምናለቅስ ሰዎች፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህን ሳነብ ትንሽ አፍሬያለሁ።

ለውጡ የመጣው ግን ከኳሷ ይልቅ ጥያቄውን ከመቀየሩ ይመስለኛል። «ማን ነው የሚገፋት?» የሚለውን ትቶ «እንዴት ነው የምትሄደው?» አለ። ከአንድ ዝንባሌ የወረደች ኳስ ከፊቷ ባለው ሌላ ዝንባሌ ላይ ወደ መጀመሪያዋ ከፍታ ልትደርስ ትወጣለች። ሁለተኛውን ዝንባሌ ዝቅ ብታደርገው፣ ያንኑ ከፍታ ለማግኘት ርቃ ትሄዳለች። ጨርሰህ ብታስተኛውስ? ከፍታውን አታገኘውም፤ ስለዚህ የሚያቆማት እስካልገጠማት ድረስ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየው ጥያቄ ተገለበጠ። መሄድ ምክንያት አያስፈልገውም፤ ምክንያት የሚያስፈልገው መቆም ነው፣ መፍጠን ነው፣ መታጠፍ ነው። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያወጣው በ1638 ነው፤ በ1633 ከተፈረደበት በኋላ ቤቱ ውስጥ ታስሮ፣ ዓይኑም ጠፍቶ። ጣሊያን ውስጥ ማሳተም ስላልተቻለ ሆላንድ ላይደን ነው የታተመው።

እሱም ቢሆን አልጨረሰውም። ጋሊሊዮ «አግድም» ሲል መሬትን ተከትሎ የሚዞር መንገድ ነበር በሐሳቡ ያለው። ቀጥ ያለ መስመር ነው ብሎ በግልጽ ያስቀመጠው ዴካርት ነው፣ በ1644።

ኒውተን ላይ ብዙ አልቆይም፤ የፖሟን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ምናልባት ይህንን ነው። ኤድመንድ ሃሊ በ1684 ካምብሪጅ ድረስ ሄዶ ስለ ፕላኔቶች መንገድ ሲጠይቀው ኒውተን አጠር ያለ ጽሑፍ አዘጋጀለት። በዚያ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ቀጥ ብሎ መሄዱን የሚቀጥለው «ውስጡ ባለ ጉልበት» ነው ይላል። የቡሪዳን ኢምፔተስ ዘመድ! ኒውተን! 42ኛ ዓመቱን ሊደፍን በተቃረበበት ጊዜ! ዋናው መጽሐፍ በ1687 ሲወጣ ሕጉ በአንደኛው ቦታ ላይ ዛሬ በምናውቀው መልክ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ከሕጎቹ በፊት ባሉት ትርጓሜዎች ውስጥ ያ «የውስጥ ጉልበት» የሚለው ቃል አሁንም አለ፣ ትርጉሙን ቀይሮ። አሮጌው ቃል ከአዲሱ ሐሳብ ጋር አብሮ ተቀምጧል። በነገራችን ላይ የማሳተሚያውን ወጪ የሸፈነው ሃሊ ነው፤ ሮያል ሶሳይቲ ገንዘቡን ስለ ዓሣዎች በተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ ላይ ጨርሶት ነበር። ለሃሊ ራሱ የሚከፍሉት አጥተው ያልተሸጡትን የዓሣ መጻሕፍት ሰጥተውታል። ኒውተን ካምብሪጅ ሲያስተምርም የሚመጣው ተማሪ ጥቂት ስለነበር አንዳንዴ ለግድግዳ ያስተምር ነበር ብሎ ረዳቱ ጽፏል።

ስለ ቃላት ካነሳሁ አይቀር፣ በእኛ ቋንቋም «ጉልበት» የሚባለው ሰው የሚይዘው ነገር ነው። ጉልበት አለው እንላለን፣ ጉልበቱ አለቀ እንላለን። የፊዚክሱ ፎርስ ግን በአንድ ነገር ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም፤ በሁለት ነገሮች መሐል የሚሆን ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ሕጉን ሸምድዶ፣ በአማርኛ ግን «ጉልበቷ አለቀ» ብሎ ያስባል። ሁለቱ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ይኖራሉ። እኔ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረዋል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር መስሎኝ ነበር። አይደለም። በ1982 ጆን ክሌመንት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህችኑ የሳንቲም ጥያቄ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሰጠ። አብዛኞቹ የእጁን ጉልበት ጨመሩበት፤ የመካኒክስ ኮርሱን ከወሰዱት ውስጥም እንኳን አብዛኞቹ። በ1985 አሪዞና ውስጥ ሃሉንና ሄስቴነስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎችን ፈትነው፣ ልጆቹ ይዘውት የሚመጡት ሐሳብ የአሪስቶትልና የመካከለኛው ዘመን ኢምፔተስ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ሐርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ያንን አንብቦ «የኔዎቹ እንኳን እንዲህ አይሆኑም» ብሎ ፈተናውን ሰጣቸው። አንዷ ተማሪ ምን ብላ ጠየቀችው መሰላችሁ? መልሱን እርስዎ እንዳስተማሩን ልጻፈው ወይስ እኔ እንደማስበው? ይህች ልጅ ሽልማት ይገባታል። ሌላው ሁላችን ሳንጠይቅ ነው «እንዳስተማሩን» እየጻፍን የምናልፈው።

በ1998 ደግሞ ሪቻርድ ሄክ የ6,542 ተማሪዎችን ውጤት ከ62 ኮርሶች ሰብስቦ አወጣ። ተማሪው ኮርሱን ሲጀምር ከማያውቀው ውስጥ መጨረሻ ላይ ስንት እጁን አወቀ ብሎ ለካ። አስተማሪው እያወራ ተማሪው በሚጽፍባቸው ክፍሎች አማካዩ 23 ከመቶ ያህል ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው በሚከራከሩባቸው፣ በሚሞክሩባቸው ክፍሎች 48 ከመቶ። እኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነኝ፤ በጠመኔና በዲክቴሽን ያደግኩም ያሳደግኩም።

ባለፈው ወር ክፍል ገባሁና ሦስት መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንደኛ፣ አየሩ ይገፋታል። ሁለተኛ፣ የእጁ ጉልበት ውስጧ አለ፣ እያለቀ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ከስበት ሌላ ምንም የለም። ማን እንዳለው አልነገርኳቸውም። እጅ አውጡ አልኩ። የመጀመሪያው አራት ልጅ፣ ሦስተኛው ሰባት፣ የቀረው ክፍል በሙሉ ሁለተኛው። የተሳሳተ አለ አላልኩም። «ተከራከሩ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ዝም አሉ፤ አልለመዱትማ። ከዚያ ክፍሉ ጫጫታ ሆነ፤ የጎረቤቱ ክፍል መምህር ብቅ ብሎ እስኪያይ ድረስ። ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ወንጭፍ አንስቶ ተናገረ፤ ድንጋዩ ከወንጭፉ ከወጣ በኋላ እጅህን ብትሰበስብም ብትዘረጋም ለውጥ የለውም፣ ስለዚህ ከእጅህ ጋር ምን አገናኘው አለ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳን የማትናገር ልጅ ደግሞ ተነሳችና «ቲቸር፣ ታዲያ የሚገፋት ከሌለ ከእጅ እንደወጣች ለምን ወዲያው አትወድቅም?» አለችኝ።

የአሪስቶትል ጥያቄ ነው። ቃሉ ሳይቀር።

ያን ቀን አልመለስኩላትም። በማግስቱ ከእንጨት ቤት የተቦረቦረ ጣውላና የልጆች ብይ ይዤ ገባን፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሄደ። ከሰባቱ በተጨማሪ ስንቱ ወደ ሦስተኛው እንደመጣ በፈተና አይቼ እነግራችኋለሁ፤ እሷ ግን ገና አልተዋጠላትም፣ አሁንም በየኮሪደሩ ታስቆመኛለች። ፖርሽን ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ከዲፓርትመንት «ምዕራፍ ሦስት ላይ ለምን አልደረስክም?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ።

እናንተስ መጀመሪያ ምን ብላችሁ ነበር? ጎግል ሳታደርጉ፣ ሳታፍሩ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ የኔን ነግሬያችኋለሁ።